የሰፋሁት የይለፍ ቃል

ሰው ሰባውን ከዘለለ በኋላ የሚደነግጥበት ነገር ያለቀ ይመስለዋል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ድርቅ አይቻለሁ፤ ጦርነት ሁለት ሦስት ጊዜ በደጄ አልፏል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ከጦሳ ተራራ የወረደ ጅብ በጠባብ መንገድ ላይ ፊት ለፊት አግኝቶኝ፣ እሱ ነው ደንግጦ የሸሸው። "ከእንግዲህ ልቤ በምን ትደነግጣለች?" እል ነበር። ለካ ትልቁን ድንጋጤ ቆጥባው ኖሯል። እሱም የጀመረው ከጅብ አይደለም፤ ከአንድ ባዶ ምስማር ነው።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላምጣው። አብሽሩ፣ አይረዝምም። ቢረዝምም እኔ የምሄድበት የለኝ፣ እናንተም መቼስ ተቀምጣችኋል።

እኔ ቆዳ ሰፊ ነኝ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ አራተኛንም አጋምሼ ነው የወጣሁ። አርባ ዓመት ሙሉ ሰኞ ገበያ ውስጥ እግር በማያዘረጋ ቦታ ቁጭ ብዬ ኮርቻ ጠግኛለሁ፣ የቢላዋ አፎት ሠርቻለሁ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ክታብ ሰፍቻለሁ። ክታብ ለማያውቅ፣ አዋቂ ሰው ጽፎ አጣጥፎ የሚሰጠው ወረቀት ነው፤ ቆዳ ይለብስና በክር አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ከዓይን፣ ከሕመም፣ ከክፉ ነገር ይጠብቃል ይባላል። ይጠብቃል አይጠብቅም የሚለውን ለዑለማዎቹ ትቼዋለሁ፤ እኔ መስፋቱን ነው የማውቅ። ሙያው አንድ ሕግ አለው፤ የታጠፈው አይገለጥም፣ የተሰፋው አይከፈትም። አርባ ዓመት ስሰፋ ወላሂ አንዲት ፊደል አላየሁም። ባይም ዓረብኛው አይገባኝ። ቢሆንም አላየሁም።

ልጄ ዘይነባ አስተማሪ ናት። ስምንት ዓመት ሙሉ ከደሴ አንድ ቀን በመኪና የሚያስኬድ ቆላ ወርዳ ታስተምራለች። ሁለት ልጆቿን እኛ ነን የያዝናቸው። ትንሿ "እማ" የምትለው አያቷን ነው፤ ባለቤቴን፣ ፋጤን። እናቷን ግን "ዘይኑ" ነው የምትላት፣ እንደ እንግዳ። "ዘይኑ መጣች! ዘይኑ መቼ ነው የምትሄጂው?" ዘይነባ ይህን በሰማች ቁጥር ትስቅና ጓዳ ትገባለች። ጓዳ የምትገባበትን እኔም አውቃለሁ፣ ፋጤም ታውቃለች፤ አንነጋገርበትም።

አንድ ጊዜ ለዕረፍት ስትመጣ መናኸሪያው ላይ ስልኳን መነተፏት። ቤት ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ከልጇ ደብተር አንድ ገጽ ቀደደችና ሳትረሳው ቶሎ ቶሎ አራት መስመር ጻፈች።

"አብየ፣" አለችኝ፣ "እነዚህ የይለፍ ቃሎቼ ናቸው። ስልክ ላይ ባስቀምጠው ሌባ ወሰደው፤ ቆላ ይዤው ብሄድ ምስጥ ይበላዋል። እዚህ ቤት ደህና ቦታ ያስቀምጡልኝ። አማና ነው።"

"የይለፍ ቃል ምንድን ነው?" አልኋት። እኔ የማውቀው ይለፍ ድሮ ኬላ ላይ የምናሳየው፣ ማኅተም ያለበት ብጣሽ ወረቀት ነው።

"በቃ እሱ ነው። ኮምፒውተሩ ኬላ ነው፤ ይህን ካልነገሩት አያሳልፍም።"

ወረቀቱን አየሁት። የፈረንጅ ፊደል ነው፤ ለእኔ ዶሮ የጫረው መሬት ነው። ከመሐሉ ግን አንዲት ምልክት ዓይኔን ያዘችው። ጅራቷን በራሷ ዙሪያ ጠቅልላ የተኛች ድመት ነው የምትመስል።

"ይህችስ ድመት?"

"ምልክት ናት አብየ። እሷ ካልገባች ኮምፒውተሩ ቃልሽ ደካማ ነው ብሎ አይቀበልም።"

"ድመት ያጠነክራል?"

"ያጠነክራል። ታዲያ ለማንም እንዳያሳዩ። ለእማም ቢሆን!"

ለእማ ያለችበት ምክንያት አላት። ፋጤ ክፉ ሆና አይደለም፤ እጇም አፏም ለሰው የተከፈተ ሴት ናት። ጠዋት ለፋጤ የተነገረ ነገር ከሰዓት ኮምቦልቻ ይደርሳል። መኪና እንኳ መናኸሪያ ካልሞላ አይሄድም፤ የፋጤ ወሬ ሳይሞላም ይሄዳል።

አማና ያለችኝ ደግሞ አደራ ነው፤ ቀላል ቃል አይደለም። በእኛ አገር የሰው በግ በአማና የያዘ ሰው፣ በጉ ቢሞትበት ቆዳውን ተሸክሞ ነው ባለቤቱ ፊት የሚቀርብ። እኔ የያዝሁት ግን ቆዳ እንኳ የለውም።

መጀመሪያ ፍራሽ ሥር አደረግሁት። ፋጤ ፍራሹን በየሳምንቱ ፀሐይ ታሞቃለች። ወደ ካፖርቴ የውስጥ ኪስ አዛወርሁት። በሁለተኛው ቀን ካፖርቱን ታጥቦ ገመድ ላይ ሲንጠባጠብ አገኘሁት። ደግነቱ ወረቀቱን አስቀድሜ አውጥቼው ኖሯል። የት እንዳደረግሁት ደግሞ ግማሽ ቀን ፈለግሁ፤ ለካ ቆቤ ውስጥ ነው፣ ቆቤም ራሴ ላይ። ቁርኣን መሐል ላድርገው ብዬ አፈርሁ፤ በአላህ ቃል መካከል ድመት ይተኛል? ጣራው ሥር አይጥ አለ። ዱቄቱ ውስጥ ፋጤ አለች።

አንድ ጠዋት ፊቴን እየታጠብሁ ሳለ ግን መጣልኝ። በወሎ ምድር ማንም ሰው የማይከፍተው ነገር ምንድን ነው? ሌባ እንኳ ቢያገኘው ፈርቶ የሚመልሰው? ሱብሃን አላህ! አርባ ዓመት ሙሉ በእጄ ስሰፋው የኖርሁትን ነገር!

ወዲያው የፍየል ቆዳ ዘፈዘፍሁ፣ ክሩን ሰም አስነካሁ፣ ወስፌዬን አወጣሁ። ወረቀቱን አጣጥፌ፣ ዝናብ እንዳይገባው ላስቲክ አልብሼ፣ ድርብ ስፌት ሰፋሁበት። እንዲህ ያለ ክታብ ሰፍቼ አላውቅም። ስጨርስ እኔው ራሴ ፈራሁት። ከአልጋዬ ራስጌ ምስማር ላይ ሰቀልሁት።

"ይህ ደግሞ ከየት መጣ?" አለች ፋጤ።

"ከትልቅ ሰው ነው።" ውሸት አይደለም፤ መምህርት ትልቅ ሰው ናት።

"ምን ያደርጋል?"

"ይጠብቃል።" ይህም ውሸት አይደለም። "ብቻ እንዳትከፍችው።"

"ክታብ ይከፈታል እንዴ? አበድሁ?"

ደስ አለኝ። ያን ሰሞን በመንገድ ስሄድ ደረቴን ነፋ አድርጌ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ምስማሩን ማየት እንኳ ተውሁ፤ ሰው ብልጥ መሆኑን ካወቀ ምን ይቆጣጠራል?

አንድ ረቡዕ ጠዋት ዘይነባ ደወለች። ድምጿ ይቆራረጣል።

"አብየ፣ የዝውውር ምዝገባ ተከፈተ! በኮምፒውተር ነው የሚሞላው። ነገ ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል። ቃሉ ጠፍቶኝ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ተሳሳትሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የቀረኝ። እሱንም ከሳትሁ ይቆልፈኛል። አራተኛውን መስመር ያንብቡልኝ።"

"ካለፈሽስ?"

"ካለፈኝ ሌላ ዓመት ነዋ፣ አብየ።"

ሌላ ዓመት። ትንሿ ልጅ ደጅ ላይ ትጫወታለች፤ በሌላ ዓመት "ዘይኑ" ማለቱንም ትተወው ይሆናል። "ቆይ፣ አሁን አመጣልሻለሁ" ብዬ ወደ መኝታ ቤት ገባሁ።

ምስማሩ ባዶ ነው።

እንዴት እንደ ደነገጥሁ ልንገራችሁ፤ ስልኩ ከእጄ ወድቆ አልጋ ሥር ገባ፤ ዘይነባ ከአልጋ ሥር "አብየ! አብየ!" ትላለች፣ እኔ አፌን ከፍቼ ምስማር አያለሁ። ምስማሩም ያየኛል።

"ፋጤ! አንች ፋጤ! እዚህ ላይ የነበረውስ?"

"ክታቡ? ለሐዋ አውሻት ነው።" ምንም ሳይመስላት! ሐዋ ጎረቤታችን ናት።

"ክታብ ይዋሳል?"

"ምነው፣ ወንፊት አውሳለሁ አይደል? ምራቷ ምጥ ጠንቶባት ሲጨነቁ ጊዜ ወስጄ አሰርሁላት። ሳይቆይ ዱብ! ወንድ ልጅ። ሐኪሞቹም ደርሰው ነበር፤ ግን ክታቡ ነው የቀደመ።"

በሰላም መውለዷ ደስ ይላል። ልናገር ብዬ አፌን ከፈትሁ፤ አማናው ትዝ አለኝና ገጠምሁት። ዘይነባን ከአልጋ ሥር አውጥቼ "ትንሽ ጠብቂኝ" አልኋት። ትንሽ! የዋሸሁት ያን ጊዜ ነው።

ሐዋ ገና በር ላይ ሳለሁ ጉልበቴን ልትስም ጎነበሰች።

"ጋሼ! እንዲህ ያለውን መድኃኒት ደብቀው? አላህ ያቆይልን!"

"አሚን። የት አለ?"

"ወንድሜ ይመር ወሰደው እንጂ! ኮምቦልቻ። መኪናው ዳገት አልወጣ እያለ አሳሩን አበላው፤ ሰው ዓይን ሳያደርግበት አልቀረም። 'እህቴ፣ ያን ነገር' ሲለኝ እንዴት እምቢ ልበል?"

ወደ መናኸሪያው ስሄድ የታምራት ኮምፒውተር ቤት መንገዴ ላይ ነው። ታምራት ሰፈራችን ውስጥ ጽሑፍ የሚጽፍ፣ ፎርም የሚሞላ፣ ጴንጤ የሆነ ደግ ሰው ነው። ምናልባት በጓሮ በር የሚገባበት ዘዴ ካለ ብዬ ጠየቅሁት።

"ያለ ይለፍ ቃል እንኳን እኔን እሷንም አያስገባት፣ ጋሼ። ረሳሁ ብትል መልእክቱ የሚሄደው ወደዚያ ወደ ተሰረቀው ቁጥር ነው። ቃሉ የት ነው ያለው?"

ከታምራት አፍ ነገር አይወጣም። ዙሪያዬን አይቼ በጆሮው፣ "ክታብ ውስጥ" አልሁት።

ታምራት ቀስ ብሎ መነጽሩን አወለቀ። ተነሣ። እጁን ትከሻዬ ላይ ጫነና ዓይኑን ጨፈነ። "ጌታ ሆይ፣ ይህን አባት ከእስራቱ ፍታው…"

"ኧረ ታምራት፣ ወረቀት ነው! እኔው ነኝ የሰፋሁት!"

"…በገዛ እጁ ከሰፋው እስራት ፍታው…"

ምን ላድርግ? ጸሎት አይናቅም፤ "አሜን" ብዬ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ የተሻለ ነገሬን የገለጠልኝ ሰው የለም። በገዛ እጄ ነው የሰፋሁት።

የደሴ ኮምቦልቻን ቁልቁለት ስንወርድ በየጠመዝማዛው ልቤ ከእኔ ቀድማ ትደርሳለች። ኮምቦልቻ ሙቀቱ ሰላምታ ሳይሰጥ ነው የሚይዝ። ይመርን ጋራዥ አጠገብ ከአይሱዙው ሥር እግሩ ብቻ ሲታይ አገኘሁት።

"ይመር! ክታቡን!"

ከሥር ወጣ፤ ፊቱ ግራሶ ነው፣ ጥርሱ ብቻ ይስቃል። "ጋሼ! እርስዎ ነዎት ባለቤቱ? ወላሂ መስተዋቱ ላይ ከሰቀልሁት ወዲህ የሐርቡን ዳገት የወጣሁት እንደ ሚዳቋ ነው!"

"ታዲያ አሁን ምን ሆና ነው ሥሯ የተኛኸው?"

"ክታቡ ሄደባታ! አማቴ አባ ሙሄ ኩታበር ናቸው፤ ላማቸው አላሳልብ ብላ ሰው እየረገጠች አስቸገረች። ትናንት ላክሁላቸው።"

አጃኢብ ነው! የልጄ ቃል ከምጥ ወደ ሞተር፣ ከሞተር ወደ ላም። ተቀመጥሁ። ጎማ ላይ። ይመር ውኃ አመጣልኝና "ጋሼ፣ ላብ አለብዎት፤ ክታቡን ከላይዎ ባያወርዱ ኖሮ…" ሲለኝ ልስቅም ላለቅስም ምንም አልቀረኝ።

ዕለቱን ኩታበር አልደረስሁም፤ መኪናው አልቆ ነበር። ዘይነባ እየደወለች "አገኙት?" ትላለች፣ እኔ "ያለበትን አውቄዋለሁ" እላለሁ። ያለበትን ማወቅ መቼስ ግማሽ ማግኘት ነው። ሌላው ግማሽ ላም አንገት ላይ ነው።

ሐሙስ ወስፌና ምላጬን በኪሴ ይዤ በጠዋት ወጣሁ። መኪናው ሳይሞላ ሦስት ሰዓት ቆመ፤ መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳ፤ ከዋናው መንገድ ወርጄ በእግር ዳገት ወጣሁ። አባ ሙሄ ደጅ ስደርስ አሥር ሰዓት ሆኗል። ሽማግሌው፣ ሚስታቸው፣ አምስት ስድስት ጎረቤት በረቱ አጠገብ ቆመው ላሟን ያያሉ። ዳልቻ ላም ናት። የእኔ ድርብ ስፌት ደረቷ ላይ ተንጠልጥሎ ታመሰኳለች። እንደ ዳኛ ነው የምታየኝ።

"መርሃባ! መርሃባ!" አሉ አባ ሙሄ። "የክታቡ ጌታ መጣ! ከታሰረላት ጀምሮ አንድ ጊዜ አልረገጠች። ዛሬ ጠዋት ሁለት ቅል ሙሉ!"

አንገቷን ዳሰስሁት። የቆዳ ሰው ነኝና እጄ ቶሎ አየ፤ የድሮ ማሰሪያዋ ጠቦ አንገቷን ልጦት ኖሯል። ክታቡን ሲያስሩ ያን አውልቀው ጥለውታል። እኔም በማሰሪያ የታነቅሁ ብሆን እረግጣለሁ። ይህን ብናገር ማን ይሰማኛል? ሰዓቱ ደግሞ ይሄዳል።

"አባ ሙሄ፣" አልሁ፣ "ይህን ክታብ መክፈት አለብኝ።"

ሰው ሁሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ላሟ ብቻ ቀረች።

"የተሰፋ ክታብ? አንተ፣ ሰፊው? አገር ይጥፋ ነው የምትል?"

ያን ጊዜ ሁለት ነገር አንገቴን ያዘኝ። በአንድ በኩል አርባ ዓመት ያከበርሁት ሕግ፤ በሌላ በኩል "ዘይኑ መቼ ነው የምትሄጂው?" የምትል አንዲት ትንሽ ድምፅ። ላድሰው ብዬ ከበረቱ ጀርባ ወስጄ ልከፍተው አስቤ ነበር፤ ቆዳ ሲያረጅ ማደስ ያለ ነው። ግን ሽማግሌ ዋሽቶ የት ሊደርስ? አማና እንዳለኝ ሁሉ ነውርም አውቃለሁ።

"አባ ሙሄ፣ ልንገርዎ። ይህ ክታብ አይደለም። የልጄ የይለፍ ቃል ነው።"

አባ ሙሄ ፂማቸውን ያዙ። "ምን ቃል አልህ?"

"የይለፍ ቃል።"

"ይለፍ!" አሉ ወደ ጎረቤቶቻቸው ዞረው፣ ፊታቸው በርቶ። "ሰማችሁ? ይለፍ ነው ቃሉ! ክታብስ ሌላ ምን ይላል? በሽታው ይለፍ፣ ክፉው ይለፍ፣ ዓይኑ ይለፍ!"

"ይለፍ!" አሉ ሁሉም።

"የለም አባ ሙሄ፣ የኮምፒውተር ነው…"

"ለማንም ይሁን፤ ይለፍ ይለፍ ነው! ለላሜ አልፏል፤ ለልጅህም ይለፍላት። ባለቤቱ ካለ ይክፈተው። ክፈት!"

እንግዲህ ይህን ያህል ዓመት ዑለማዎቹ የተከራከሩበትን ነገር አባ ሙሄ በአንድ ቃል ዘጉት። በምላጬ ስፌቱን በጠስሁ። ወረቀቱ ደህና ነው። ስልኩ ግን እዚያ ቦታ አይሠራም። "ከበረቱ ኋላ ካለው የድንጋይ ክምር ላይ ይይዛል" አሉኝ። ሁለት ሰው ደግፎኝ ክምሩ ላይ ወጣሁ። አሥር ተኩል።

"አብየ!" አለች ዘይነባ፤ እያለቀሰች ነው። "ግማሽ ሰዓት ነው የቀረው!"

"ይዤዋለሁ! ግን ፊደሉን አላውቀው!"

"የሚመስለውን ይንገሩኝ! ጮኽ ይበሉ፣ አይሰማም!"

ጮኽሁ። በዕድሜዬ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም።

"ድንኳን! መሐሉን በመቀነት የታሰረ ድንኳን!"

ከበታቼ ያለው ሰው ሁሉ መዳፉን ዘርግቶ፣ "አሚን!"

ዞር ብዬ አየሁ። ዱዓ የማደርግ መስሏቸዋል! አይደለም ብዬ ላስረዳ? በየትኛው ሰዓት?

"ትልቅ ነው ትንሽ፣ አብየ?"

"ትልቅ! ቀጥላ ደግሞ ጀርባዋ ቀጥ ያለ፣ ሆዷ ከታች የገፋ እርጉዝ! ትንሽ ናት!"

"አሚን! በሰላም ያገላግላት!" አሉ ሴቶቹ።

"ባላ! ጅራት ያላት ባላ!"

"አሚን!"

"ዓሣ! አፉን የከፈተ ዓሣ!"

"አሚን! ርዝቅ ነው፣ ሲሳይ!" አሉ አባ ሙሄ።

"ጅራቷን የጠቀለለች ድመት!"

እዚህ ላይ ትንሽ አመነቱ። አንዱ አንዱን አየ። ከዚያ አባ ሙሄ ቆራጥ ሰው ናቸው፣ "አሚን!" አሉ፤ ሁሉም ተከተለ።

"ሰባት! ሁለት! አለቀ!"

ዝም። ስልኩ ዝም፣ ሰው ዝም፣ ላሟ እንኳ ማመስኳቷን ተወች። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የቀራት። ድንኳኑን ተሳስቼ ቢሆንስ? እርጉዟ ወደ ማዶ ዞራ ቢሆንስ?

"ገባሁ!" አለች ዘይነባ። "አብየ፣ ገባሁ! አሳለፈኝ!"

"አለፈ?" አሉ አባ ሙሄ ከሥር።

"አለፈ!" አልሁ። እልልታው እስከ ደሴ ሳይሰማ አልቀረም።

ፎርሙን ሞልታ ላከችና መልሳ ደወለች። አሁን ትስቃለች።

"አብየ፣ ምን ብሎ እንደሚነበብ ያውቃሉ?"

"ድንኳን እርጉዝ ባላ ዓሣ ነዋ።"

"የለም። 'አብየ' ነው የሚል። ሰባ ሁለቱ ደግሞ ዕድሜዎ ነው። ቃሉን አልረሳሁትም፤ የቱን ፊደል ትልቅ እንዳደረግሁና ምልክቱ የት እንደገባ ነው የጠፋኝ።"

ድንጋዩ ላይ ቁጭ አልሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ኩታበር እያልሁ ያሳደድሁት የራሴን ስም ነው። ያን ስም ምጥ ላይ ያለች ሴት ታጥቃዋለች፣ መኪና ዳገት ወጥቶበታል፣ ላም ታልባበታለች። ያላነበበው ባለቤቱ ብቻ።

ሳልመለስ ለላሟ ከአባ ሙሄ ቤት በተገኘ ቆዳ፣ የክታቡን ቆዳ ከሥሩ ለብጄ፣ ለስላሳ ሰፊ ማሰሪያ አበጀሁላት። እስካሁን አልረገጠችም። አባ ሙሄ ግን የድንጋዩ ክምር ላይ የተደረገው ዱዓ ነው ይላሉ።

ክረምቱ ሲጋመስ ዝውውሩ ወጣ። ዘይነባ ደሴን አንደኛ፣ ደሴ ዙሪያን ሁለተኛ፣ ኩታበርን ሦስተኛ ሞልታ ኖሯል። ሦስተኛው ደረሳት። ሲሆን በየዕለቱ፣ ሲከፋም ቅዳሜና እሑድ ቤቷ የምታድርበት ነው። ፋጤ አለቀሰች፤ በዚያው ዕለት ከሰዓት ኮምቦልቻ ሰምቶ ይመር "እንኳን ደስ አላችሁ" ብሎ ደወለ።

ሥራ በጀመረችበት ቀን፣ በዕረፍት ሰዓት ይሆናል፣ ስልኬ ጮኸ።

"አብየ፣" አለች፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ፣ "የትምህርት ቤቱ ልጆች ገመድ እየዘለሉ ምን እያሉ እንደሚዘፍኑ ልንገርዎ?"

"ምን እያሉ?"

"ድንኳን፣ እርጉዝ፣ ባላ፣ ዓሣ፣
ድመት ተኛች ሳትነሣ፣
ሰባት፣ ሁለት፣ አሚን!"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላል ያገሬ ሰው። እኔ ደግሞ ከአፋፍ ላይ ሆኜ ነው ያወጣሁት። "ምን ቸገረሽ፣" አልኋት፣ "ቀይረሽዋል አይደል?"

ከስልኩ ውስጥ የልጆቹ "አሚን!" ብቻ ተሰማኝ።

"ዘይነባ?"

"ዛሬ… ዛሬ እቀይረዋለሁ፣ አብየ።"

ሱብሃን አላህ! ወራት ሙሉ የልጄ ኬላ ቁልፍ በኩታበር ልጆች አፍ ላይ ገመድ ሲዘል ከርሟል! እኔን በላብ አጥባ፣ አማና ብላ፣ ለእማም ቢሆን ብላ፣ እሷ ራሷ!

አኩርፌ ልቆያት ወስኜ ነበር። አመሻሽ ላይ የበሩ ድምፅ ተሰማ፤ ዘይነባ ጫማዋ ጭቃ ይዞ ገባች። ትንሿ ልጅ ከጓሮ ብድግ አለችና "እማ!" ብላ ጮኸች። ፋጤና ዘይነባ እኩል "ወይ!" አሉ። ፋጤ እጇን ዘርግታ ጎንበስ እንዳለች፣ ልጅቱ በአጠገቧ አልፋ ሮጣ የእናቷ ጉልበት ላይ ተጠመጠመች።

ፋጤ የዘረጋችውን እጅ ቀስ ብላ ሰበሰበችና ወደ ጓዳ ገባች። ዘይነባ ልጇን ይዛ ጓዳውን እያየች ቀረች። እኔም ግድግዳ ተደግፌ ቀረሁ። ያን ዓመት ከደነገጥሁት ሁሉ የበለጠው እሱ ነው፤ እሱን ብቻ ግን ይለፈኝ አላልሁም።